123,456,789ን በወረቀትና በእስክሪብቶ

ትልልቅ ቁጥሮችን ያለ ካልኩሌተር ወደ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል) አካፋዮቻቸው መፍታት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን 123,456,789 ተፈታልኝ። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ዲጂቶቹ ሲደመሩ 45 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ በ9 ይካፈላል። 13,717,421 ይደርሳል። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ7 እምቢ፣ በ11 እምቢ፣ በ13 እምቢ። ገጹ ሞላ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲህ እያካፈልኩ ብቀጥል የመጀመሪያው የሚሳካልኝ ፕራይም 3,607 ነበር። ከሱ በታች 503 ፕራይሞች አሉ!

ያኔ ነው ወደ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ዘዴ የዞርኩት። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች (በራሳቸው የተባዙ ቁጥሮች) ልዩነት አድርጋችሁ ከጻፋችሁት አካፋዮቹ ወዲያው ይወጣሉ። x² − y² ማለት (x − y) × (x + y) ነውና።

የ13,717,421 ስኩዌር ሩት 3,703 ከምናምን ነው። ስለዚህ ከ3,704 እንነሳ። የ3,704 ስኩዌር 13,719,616 ነው፤ ቁጥራችንን ስንቀንስበት 2,195 ይተርፋል። ይሄ ስኩዌር ሊሆን አይችልም። በ5 የሚያልቅ ስኩዌር የግድ በ25 ነው የሚያልቀው፣ ይሄ ግን በ95 ነው ያለቀው። ወደ 3,705 እንለፍ። እንደገና ማባዛት አያስፈልግም። የተከታታይ ቁጥሮች ስኩዌሮች የሚለያዩት በቁጥሮቹ ድምር ነውና 3,704 እና 3,705ን ደምሮ ትርፉ ላይ መጨመር ይበቃል፦ 2,195 + 7,409 = 9,604። 9,604 ደግሞ የ98 ስኩዌር ነው!

አለቀ። 3,705 − 98 = 3,607፤ 3,705 + 98 = 3,803። ሁለቱም ፕራይም ናቸው። ያ ሁሉ ማካፈል በሁለት እርምጃ ተተካ። ፌርማ ራሱ 2,027,651,281ን በዚሁ መንገድ 44,021 × 46,061 አድርጎ ፈትቶታል።

አካፋይ የሚያወጡ አፖችን ለጀማሪ አልመክርም። መልሱን ይሰጧችኋል፣ ቁጥሩን ግን አታውቁትም። የ2,195 መጨረሻ አይቶ መጣልን የሚያስተምር እጅ ብቻ ነው።

ዘዴው ግን ሁሌ አይሠራም ባይባልም ሁሌ አያዋጣም። አካፋዮቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ይፈጥናል፤ ሲራራቁ ያለቅጥ ይረዝማል። ስለዚህ እኔ እስከ 50 ባሉት ፕራይሞች ሳልሞክር ፌርማን አልነካም። ለምሳሌ ቁጥሩን ገልብጣችሁ 987,654,321ን ውሰዱ። በ9 ይካፈላል፣ ከዚያ በ17 ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻ 379,721 ይቀራል። እሱ ፕራይም ነው። ይህን በእጅ ለማረጋገጥ ግን እስከ 613 ባሉት ፕራይሞች አንድ በአንድ ማካፈል ነው፤ እኔም ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም።