6805ን አገኘኋት!

ዛሬ ዮርክ፣ ፔንሲልቬንያ የአሻንጉሊት ባቡር ገበያ ሄጄ ስፈልጋት የኖርኳትን ፉርጎ አገኘኋት። የአሜሪካው የአሻንጉሊት ባቡር አምራች ሊዮኔል ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣት፣ የአቶሚክ ቆሻሻ የምታመላልሰው 6805 ናት። ጀርባዋ ላይ ሁለት ግራጫ ኮንቴይነሮች ተጭነዋል። "አደጋ፣ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ" የሚል ተጽፎባቸዋል።

ሻጩ አዛውንት አጭር ሐዲድ ላይ አስቀምጠው ኤሌክትሪክ ለቀቁባት። በኮንቴይነሮቹ ውስጥ ያሉት ቀያይ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ! አንዱን ኮንቴይነር ብድግ ሲያደርጉት ጠፋ። መልሰው ሲያስቀምጡት በራ። ለካ ኮንቴይነሮቹ የሚያርፉበት ብረት ራሱ ነው ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰው። በዚያ ዘመን ለልጆች መጫወቻ ይህን ያህል ተጨንቀውበታል። ሦስቴ አስደገምኳቸው፤ አልሰለቹኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

ለእኔ ነገሩ ቅርብ ነው። የምኖረው ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ ነው። የያኔው የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት በ1957 የተመረቀው እዚሁ ነው። ዋሽንግተን ላይ የኒውክሌር ጥቃት ቢደርስ እንዲተርፍ ብለው ነው ራቅ ያደረጉት። ሕንፃው ዛሬም አለ፣ ወደ ሥራ ስሄድ በአጠገቡ ነው የማልፈው።

አሁን የቀረችኝ የኮሚሽኑ ስም የተጻፈባት ነጭና ቀይ ሎኮሞቲቭ ናት፣ ቁጥር 57። ያያችሁ ካላችሁ በእናታችሁ ጠቁሙኝ።