ከስኮላርሺፑ በፊት የምትጠየቀው ገንዘብ

በሐዋሳ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ በየቴሌግራም ቻናሉ የነጻ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ መጉረፍ ይጀምራል። «ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ የአውሮፕላን ትኬትን ጨምሮ» የሚለው መስመር ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል፤ ማስታወቂያውን ያነበበችው ልጅ ማመልከቻዋን እስክትልክ ድረስ ከኪሷ ስለሚወጣው ብር ግን የሚናገር የለም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማመልከት የሚፈልጉ ሴት ተመራቂዎችን ማገዝ ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የያዝኩት አቋም፣ በእኛ አካባቢ ጎበዝ ሴቶችን ከከፍተኛ ትምህርት የሚያስቀራቸው የዕድል መጥፋት ወይም የውጤት ማነስ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ከትልቁ ገንዘብ በፊት የምትጠየቀው ትንሽ ገንዘብ ናት የሚል ነው።

ዕድሉስ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ኤራስመስ ሙንዱስ ለማስተርስ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። የብሪታንያ መንግሥት ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ በምላሹም ቢያንስ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂዋም አገሯ ተመልሳ ሁለት ዓመት እንድትቆይ ያስገድዳል። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚያካሂደው መርሐ ግብር ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያስተምራል። እኔ ግን ለሚጠይቁኝ ሁሉ በቅድሚያ የምጠቁመው ብዙም የማይወራላቸውን ሁለት ዕድሎች ነው። አንዱ የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የውኃና የኢነርጂ ተቋሙ በአልጄሪያ ትሌምሰን፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂው በኬንያ፣ የሕይወትና የመሬት ሳይንሱ ደግሞ በናይጄሪያ ኢባዳን ይገኛል። ሁለተኛው፣ መቀመጫውን በጣሊያን ትሪየስቴ ያደረገው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የሚሰጠው የዶክትሬት ድጋፍ ነው፤ ይህ ለሴቶች ብቻ የተመደበ ሲሆን ትምህርቱ የሚሰጠውም በሌላ ታዳጊ አገር ነው። የልጆቻችን ዓይን ካናዳና አሜሪካ ላይ ስለሆነ ናይሮቢን ስጠራላቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል። ወላጆቻቸው ግን በተቃራኒው ነው፤ ጎረቤት አገር ሲባል ቅር አይላቸውም። (በነገራችን ላይ በየዓመቱ በየቻናሉ የሚለጠፈው የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለአባል አገሮች ዜጎች የታሰበ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። በእሱ ላይ ሌሊት የሚያነጉ ልጆች ያሳዝኑኛል።)

ወደ ትንሿ ገንዘብ ልመለስ። ከበንሳ የመጣች አንዲት ተመራቂ ሰነዶቿን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋ፣ በቴምፖዋ (በጊዜያዊ የምረቃ ምስክር ወረቀቷ) ላይ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ በሁለት «ቲ»፣ በፓስፖርቷ ላይ ደግሞ በአንድ «ቲ» ተጽፎ አገኘን። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ያለው ቀንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቶ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር አልገጠመም። ውጤቷ ማንኛውም ኮሚቴ ፊት የሚያኮራ ነበር፤ ሆኖም ሰነዶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማሳየት ከሬጅስትራር ቢሮ ደብዳቤ፣ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እርማት፣ በእያንዳንዱም ላይ ማኅተም፣ ፎቶ ኮፒ፣ የባጃጅ ሒሳብና ከሁሉ በላይ «ነገ ተመለሺ» የሚለውን የምትችልበት ጊዜ ያስፈልጋት ነበር። ዋናው ዲግሪ ከተጠየቀ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይመጣል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት አሠራር መሠረት ተመራቂዋ ዕዳዋን ካልጨረሰች በእጇ የሚቆየው ቴምፖው ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተናው ከዚህ ይብሳል። የአይኢኤልቲኤስ ክፍያ ከአንዲት ጀማሪ መምህርት የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም በብር ሲሰላ አሻቅቧል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ቀድማ የተፈተነች ልጅ የሚጠየቀውን የሥራ ልምድ እስክታሟላ ድረስ ወረቀቷ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ማንም ልጅ ለፈተናው ከመክፈሏ በፊት፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን በእንግሊዝኛ መከታተሏን የሚገልጽ ደብዳቤ በቂ እንደሆነ ለምታመለክትበት ተቋም ጽፋ እንድትጠይቅ እመክራለሁ፤ የሚቀበሉ አሉ። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር በሚጠየቅበትም ጊዜ እንዲሁ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ከማፈላለግ በፊት ክፍያው እንዲነሣላት በአክብሮት የተጻፈ አጭር ኢሜይል መላክ ይሻላል።

እስካሁን የዘረዘርኩት ወንዱንም ሴቷንም ይመለከታል። ልዩነቱ የሚጀምረው መንገድ ሲመጣ ነው። ለፈተና ወይም ሰነድ ለማረጋገጥ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሲሆን፣ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወንዱ ሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል፣ ከመሸበትም ያገኘው ቦታ ያድራል። ሴቷ ግን የምታርፍበት የዘመድ ቤት ከሌላት ቤተሰቧ ብቻዋን አይሰዳትም፤ ወንድሟ ወይም አክስቷ አብረዋት ይሄዳሉ፤ የትራንስፖርቱ ሒሳብ እጥፍ ይሆናል። የድጋፍ ደብዳቤውም ነገር እንዲሁ ነው። መምህሩ ደብዳቤውን በተቋሙ ኢሜይል በራሱ እጅ መላክ ስላለበት ተማሪዋ ደጋግማ ቢሮው መመላለስ ይኖርባታል፤ አንዳንድ ቢሮ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ደጋግማ የምትሄድበት አይደለም። ይህን በግልጽ የሚናገር ጥቂት ነው፤ የሚያውቀው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከሚመጡት ጋር አብራ የምትሄድ ጓደኛ እንመድባለን።

ትንሿ ገንዘብ ምን ያህል ታሪክ እንደምትለውጥ ለማየት ወደ ኬንያ መመልከት ይጠቅማል። ኬንያ ነጻ ከመውጣቷ በፊት ብዙ ወጣቶች በአሜሪካ ኮሌጆች ነጻ የትምህርት ቦታ አግኝተው ሳለ የአውሮፕላን ዋጋ በማጣት እቤታቸው ይቀሩ ነበር። የኬንያው የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ቶም ምቦያ ያን ክፍተት አይቶ ከአሜሪካውያን ወዳጆቹ ጋር ገንዘብ በማሰባሰብ እ.ኤ.አ. በ1959 ተማሪዎቹን በጅምላ በኪራይ አውሮፕላን ማጓጓዝ ጀመረ፤ በ1960 ደግሞ የኬኔዲ ቤተሰብ ፋውንዴሽን 100,000 ዶላር ለዚሁ ጉዳይ ሰጠ። በዚያ ዓመት ከተሳፈሩት አንዷ ዋንጋሪ ማታይ ነበረች። በካንሳስ ግዛት ባዮሎጂ ተማረች፤ በ1971 ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበለች። ስለ እሷ ሲነገር ሽልማቱና የተከለቻቸው ዛፎች ይነሣሉ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ትኬቱ ነው።

የእኛዋ ቦጋለች ገብሬ ደግሞ ከሐዋሳ እምብዛም በማይርቀው በከምባታ ተወልዳ፣ ውኃ ልትቀዳ የወጣች መስላ በስርቆት ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። በነጻ የትምህርት ዕድል እስራኤል ገብታ በኢየሩሳሌም ዕብራዊ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ተማረች፤ ቀጥሎም በአሜሪካ መንግሥት የፉልብራይት ስኮላርሺፕ አሜሪካ ሄደች። ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር ድርጅት ስታቋቁም ዓላማዋ የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ግን አስቀድሞ የጠየቃት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር። ድልድዩን አሠራችላቸው። ከዚያ በኋላ ተደመጠች። ለጋሽ ድርጅቶች ስለ «ሴቶችን ማብቃት» በሆቴል አዳራሽ ሲሰበሰቡ የማስበው ይህን ነው፤ የምሳው ወጪ ስንት ልጅ እንደሚያስፈትን ማስላትም አልተውኩም።

ደግሞም ገንዘቡ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ ልጅ ቤተሰብ ከብት ይሸጣል፣ ይበደራል፤ ለፈተና ክፍያ ግን አይሸጥም። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ከሚቆጥሩት ጋር አልስማማም። ከአለታ ወንዶ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት እናት ነገሩን ፊት ለፊት ነው የጠየቀችኝ፦ «እህቴ፣ ዱባይ የሄደችው የጎረቤቴ ልጅ ዓመት ሳይሞላት የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አለበሰች። ይኼ ያንቺ ወረቀት መልሱ የሚመጣው መቼ ነው?» ምናልባት በሚያዝያ፣ ምናልባትም ጨርሶ ላይመጣ እንደሚችል ነገርኳት። ሒሳቧ ትክክል ነበር። ቤተሰብ ብቻውን ሊሸከመው የማይገባውን የኪሳራ ስጋት ሌላ ሰው ሊጋራው ይገባል እንጂ እሷን በምክር ማሸነፍ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለተመረቀችው ነው፤ ከእሷ በታች ያሉት ይበዛሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተማችን ውስጥ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት መንገድ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። በዚህ ደረጃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚምባብዌ 32 ልጃገረዶችን በመደገፍ የጀመረው ካምፌድ የሠራውን ማየት ደግ ነው፤ የደንብ ልብስ፣ ጫማ፣ ደብተርና የመሳሰሉትን ጥቃቅን ወጪዎች ከቁም ነገር የቆጠረ ድርጅት ነው።

እኛም ከለጋሽ ከመጠበቅ ብለን በመሥሪያ ቤታችን ያሉ ሴቶች በሚጥሉት ዕቁብ ላይ ተጨማሪ መዋጮ ጀምረናል። ከመዋጮው የፈተናና የሰነድ ክፍያ ይሸፈናል፤ ያለፈችው ልጅ ደመወዝ ስትይዝ ትመልሳለች፤ ያልተሳካላት አትጠየቅም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የተቃወሙ ነበሩ፤ ያልተሳካላትን ዕዳ ማስከፈል ድሃዋን ከመሞከር ማስቀረት ነው ብዬ ተከራክሬ በድምፅ ብልጫ አለፈ። አሁን ያልተቋጨው የአጃቢ ትራንስፖርት ጉዳይ ነው። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ የሌለው ወጪ አልመዘግብም ብላለች፤ ሚኒባስ ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም። በሚቀጥለው የዕቁብ ቀን ልጅቷም አጃቢዋም ፈርመው የሚወስዱት ቅጽ አዘጋጅቼ አቀርባለሁ።