ሣጥን በጨርቅና በዳንቴል ማልበስ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከካርቶን የምሠራቸውን የዕጣን ሣጥኖች ያያችሁ ብዙዎቻችሁ ዳንቴሉ እንዴት እንዲህ ቀጥ ብሎ እንደሚቀመጥ ጠይቃችሁኛል። ዳንቴል ለጌጥ ብቻ የሚደረብ ይመስላል እንጂ ዋናው ሥራው የጨርቁን መጋጠሚያ መሸፈን ነው። ስለዚህ አሁን አሁን መቀስ ከማንሣቴ በፊት ዳንቴሉን ሣጥኑ ዙሪያ አዙሬ እለካና የሚያርፍበትን በእርሳስ አሰምራለሁ። ጨርቁን የምቆርጠው ጫፉ እዚያ መስመር ውስጥ ገብቶ እንዲደበቅ አድርጌ ነው።

ጨርቅ እዚህ ደሴ ችግር የለም፤ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ሞልቷል። ለጀማሪ አቡጀዴን የሚያህል አላገኘሁም፤ አይንሸራተትም፣ ለካውያም ይታዘዛል። ሳቲን ያምራል፤ ነገር ግን ነጩ የእንጨት ኮላ ቶሎ ዘልቆ እድፍ ይሆንበታል። ኮላውን ካርቶኑ ላይ በብሩሽ ስስ አድርጌ እቀባና ያዝ ሲያደርግ ጨርቁን አስተኛዋለሁ። ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ እጄን ስታይ «አንቺ ልጅ፣ አትጎትችው፤ በመዳፍሽ አባብይው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ተወጥሮ የተለጠፈ ጨርቅ ሲደርቅ ይሰበሰብና ከጠርዙ ይላቀቃል። ከመሐል ወደ ዳር በቀስታ ሲዳበስ ግን አየሩ ይወጣል፣ ጨርቁም ይረጋል።

ማዕዘኑ ላይ ቆም በሉ። በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ። ጥጉን በሰያፍ ስቆርጥ እስከ ካርቶኑ ጫፍ አልደርስም፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አስቀራለሁ። እስከ ጫፉ ከተቆረጠ ካርቶኑ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን ጎኖች አጥፌ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ ጥጉ ላይ የተረፈችውን ትንሽ ጨርቅ በጥፍሬ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ አጫጭሮቹን አስከትላለሁ። ማዕዘኑ ስል ሆኖ ይወጣል።

ክዳኑን ከካርቶን ስትሠሩ የጨርቁን ውፍረት አስቡ። አቡጀዴ ብዙም አይሰማም፤ ከፋይ (ቬልቬት) ግን ክዳኑን አላስገባ ይላል። ከማጣበቄ በፊት ሣጥኑንም ክዳኑንም በደረቁ ጠቅልዬ ከፍቼ እዘጋለሁ።

ወደ ዳንቴሉ ስንመጣ፣ የናይለኑ በነጠብጣብ ኮላ ይያዛል። በኪሮሽ የተሠራው የጥጥ ዳንቴል ግን ኮላ ስለሚጠጣ ይደርቃል፤ ያ ልስላሴው ይጠፋል። እሱን በቀጭን መርፌና በራሱ ቀለም ክር ከጨርቁ ጋር እሰፋዋለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይገባዋል። ከሶፋና ከጠረጴዛ ላይ የተነሡ የእናቶቻችን ዳንቴሎች አትጣሉ፤ ጠርዛቸው ደኅና ከሆነ ለአንድ ሣጥን ይበቃሉ። ያረጀ ነጠላ ጥለትም እንደዚሁ። እኔ እንዲያውም ለገና ስጦታ፣ ከገዛሁት ዳንቴል ይልቅ ጥለቱን እመርጣለሁ፤ የአገር ልብስ ከሚለብሰው ሰው ጋር ይስማማል። ለዒድ የምሠራቸውን አረንጓዴ ከፋይ በነጭ ዳንቴል አለብሳለሁ፤ ለቴምር ማቅረቢያ የሚሆኑትን ውስጣቸውን በንጹሕ ወረቀት እሸፍናለሁ እንጂ ኮላ አላስነካም። መያዣቸው ከባቲ የሰኞ ገበያ የመጣች ጨሌ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች ኮላ ቶሎ አይደርቅም፤ በክረምትማ ጭራሽ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሙቀቱ ያግዛችኋል። እኔ የለጠፍኩትን ከመጽሐፍ በታች አድርጌ አሳድረዋለሁ። ዳንቴሉን የምሰፋው በማግስቱ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ መርፌ ሲገባ መስመሩ ይዛነፋል።

አሁን የያዝኩት ክብ ሣጥን ነው። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጨርቅ እንዳይጨማደድ በመቀስ ጫፍ ዙሪያውን እየሰነጠቅሁ ነው። ክብ ክዳን በከፋይ ያለበሳችሁ ካላችሁ በየስንት ሚሊ ሜትሩ እንደምትሰነጥቁት ጻፉልኝ።