የማን እግር ነው?

ዛሬ ሲደብተኝ ነው የዋለው። ዝናቡም አላባራ አለ። ማታ የሐሙሱን ፖድካስት ኤዲት ላደርግ ቁጭ ብዬ የራሴን ድምፅ ስሰማ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። «ተረጋግጧል» ብያለሁ። ጥናቱን መልሼ ከፈትኩት። ጸሐፊዎቹ እንደዚያ አላሉም። «ሊሆን ይችላል» ነው ያሉት። አብሮኝ የሚያወራው ሚኪም «እሺ» ብሎኝ አልፏል።

አንዲት ቃል ናት፤ ግን ከነከነችኝ። በየሳምንቱ አዲስ ጥናት ለማድረስ ስንሮጥ መጀመሪያ የምትወድቀው «ምናልባት» ናት። «ምናልባት» ሲበዛ አድማጭ ይሰለቻል ብዬ አስባለሁ። እንደሚሰለች ግን ማን ነገረኝ?

ይህን ሳሰላስል የቡርቴሌው እግር ትዝ አለኝ። ኅዳር ላይ ያወራንበት።

እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አፋር ውስጥ፣ ወራንሶ ሚሌ በሚባለው ቦታ፣ ቡርቴሌ ላይ፣ የሰው ዘር አመጣጥ አጥኚው የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን 8 የእግር አጥንቶች አገኘ። የቀኝ እግር ነው። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አውራ ጣቱ እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የወጣ ነው፤ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። በዚያው ዘመን የነበሩት የሉሲ ወገኖች ግን አውራ ጣታቸው እንደኛው ከሌሎቹ ጎን የተሰለፈ ነው። ስለዚህ ይሄ እግር የእነሱ አይደለም። ሁለት ዓይነት አካሄድ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር! እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ታዲያ የማን ነው? በ2012 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲያወጡት ስም አልሰጡትም። አብሮት የራስ ቅልም ጥርስም አልተገኘማ።

በ2015 ከዚያው አካባቢ በተገኙ መንጋጋዎች አዲስ የጥንት የሰው ዘመድ ዝርያ ሰየሙ። አውስትራሎፒተከስ ደይረሜዳ። በአፋርኛ «የቅርብ ዘመድ» እንደማለት ነው፤ ስሙን እንዴት እንደወደድኩት! ዘመኑ ይገጥማል፣ ቦታውም ይገጥማል። እኔ ብሆን እግሩን ያኔውኑ ለባለመንጋጋው እሰጠው ነበር። እነሱ አልሰጡም። ተመልሰው ፈለጉ። ተጨማሪ ጥርሶች አገኙ፤ የአንድ ሕፃን መንጋጋም አገኙ። እግሩ የደይረሜዳ ነው ብለው የጻፉት በ2025 ነው። 16 ዓመት ሙሉ!

ያን ሰሞን ለእማዬ በስልክ ነግሬያት ነበር። ፖድካስት የሚባለው ነገር አይሆንላትም፤ እኔው ነኝ ደውዬ የምተርክላት። ስለ አውራ ጣቱ ሳወራ ዝም ብላ ሰማችኝ። ዓመቱን ስነግራት ግን «ውይ ልጄ!» አለች። «የማን እንደሆነ ሳያውቁ ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ችለው ተቀመጡ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ጤናዋ ጠይቄያት ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

እውነት ግን፣ እንዴት ቻሉት?