ማስታገሻው በቦርሳዬ፣ መከላከያው በራስጌዬ

ከሰባት ዓመት በኋላ ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ስገባ ታላቅ እህቴ ግንባሯን በሻሽ ጥርቅም አድርጋ አስራ፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳ ተኝታ አገኘኋት። ሆዴ ተላወሰ። እናታችንም እንዲሁ ታስር ነበር፤ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና ትጠጣና ጨለማ ውስጥ ትውል ነበር።

«ብርዱ ነው» አለችኝ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ብርዱ አይካድም። ግን ግማሽ ራስን ለይቶ የሚወቅር፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ የሚያስመልስ ሕመም ሚግሬን ነው፤ በዘርም ይሄዳል።

እኔ ስሙን ያወቅሁት ቨርጂኒያ ነው። አረጋውያንን በሌሊት ፈረቃ ስንከባከብ፣ ቀርቼ ደመወዜ እንዳይጎድል ራሴን ጀመረኝ ባልኩ ቁጥር ኢቡፕሮፌን እውጥ ነበር። ሐኪሟ ያመመኝንና ክኒን የወሰድኩበትን ቀን እየጻፍኩ እንድመጣ አዘዘችኝ። በወሩ 17 የሕመም ቀን፣ 20 የክኒን ቀን ሆኖ ተገኘ። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉት የሚግሬን ማስታገሻዎች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር አልፎ ከተወሰዱ ራሳቸው ራስ ምታት ያመጣሉ አለችኝ። ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ ሕመሜን ስቀልብ ኖሬአለሁ!

ሕመሙ እንዳይነሳ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ጀምሪ ስትለኝ አልተዋጠልኝም። እኛ ክኒን የምንውጠው ሲያመን ነው፤ ደህና ውዬ ማታ መድኃኒት መውሰድ ራስን በሽተኛ ማድረግ መሰለኝ። ምርጫውም ቀላል አልነበረም። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው አስም ላለበት ሰው ስለማይሆን፣ አስም ላለብኝ ለእኔ አልሆነም። ቶፒራሜት ጽንስ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ስላለኝ እሷው ተወችው። ማታ ማታ 10 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን ጀመርኩ። አፌ ደረቀ፤ ከእንቅልፌ መንቃት አቃተኝ። ማስታገሻውን ስቀንስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመሙ ባሰ። አምስት ሳምንት ሙሉ ለውጥ አላየሁም፤ ልጥለው ስል ቢያንስ ሁለት ወር ካልጠበቅሽ አይታወቅም አለችኝ። በሦስተኛው ወር የሕመም ቀኔ ወደ 6 ወረደ። ከትሪፕታኖቹ አንዱ የሆነው ሱማትሪፕታን ግን ከቦርሳዬ አልወጣም፤ ሕመሙ እንደጀመረ የምውጠው፣ በሳምንት ከሁለት ቀን የማላሳልፈው ነው።

እህቴ ያንን ክኒን ስታይ «እኔ እህትሽን ብትሰጪኝ ምናለ?» አለችኝ። እጄ ተዘርግቶ ነበር። ግን ደም ግፊቷ ከፍ ያለ ነው፤ ትሪፕታን የደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊቱ ላልተስተካከለና ልቡን ለሚያመው ሰው አደገኛ ነው። «እትዬ፣ እሱን አልሰጥሽም፤ ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አልኳት። ተቀየመችኝ፤ ቢሆንም መጣች።

ለእኔ ያልሆነው ፕሮፕራኖሎል ለእሷ ሆነ። አስም የለባትም፣ ግፊቷንም ለመቀነስ ያግዛል። በየቀኑ ከመድኃኒት ቤት የምትገዛውንም ማስታገሻ ሐኪሙ ቀነሰባት። እኔ ደብተር ገዛሁላትና አሰማመሩን አሳየኋት።

ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ሕመሙ እንደሚነሳባት ያወቀችው ከደብተሩ ነው። ትናንት በስልክ አነበበችልኝ፦ የካቲት 12 ቀን፣ መጋቢት 11፣ ሚያዝያ 5። የቀሩትን 5 ለሐኪሙ ለማሳየት ሰኞ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች።