የእግር ሹራብ

ነገ ቁልቢ ገብርኤል ነው። እማዬ ዘንድሮ ሳልሳለም አልቀርም ብላለች። እማዬ የምላት አያቴን ነው፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «የተወለድኩት ጣልያን በወጣ ዓመት ነው» ትላለች። 1933 መሆኑ ነው። ጉልበቷ ደክሟል። ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

ቁልቢ ደጋ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ አለ፣ ጉም አለ፣ ጭቃ አለ። እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ደግሞ ብርድ አንችልም። ገና ደንገጎን ሽቅብ ስንወጣ የመኪና መስኮት መዝጋት እንጀምራለን። እናም ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት እማዬን ይዤ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ወረድኩ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄም ተከተለችን።

እማዬ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመች። «ሹራብ አለህ?» አለችው ባለሱቁን። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው።

ልጁ መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ ፀሐይዋን አየ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ ምጣድ ሆኗል። «ሐረር ልትወጪ ነው እማማ?» አላት። ከጥግ ፈልፍሎ ሦስት ሹራብ አመጣ። አንዱ ባለ ኮፍያ ነው።

«እሱን አይደለም። የእግሩን።»

«የእግር ምን?»

«የእግር ሹራብ ነዋ!»

ልጁ ግራ ገባው። «እማማ፣ እግር ያለው ሹራብ አልመጣልንም» አላት፣ ከልቡ አዝኖ። ልጄ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከኋላዬ ተደበቀች። ያዳኑን እዚያው አጠገብ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ አዛውንት ናቸው። «አቦ ካልሲ ስጣት! ካልሲ ነው የምትልህ!» አሉት።

በባጃጅ ስንመለስ እማዬ አኩርፋለች። «ካልሲ የጣልያን አፍ ነው። እኔ አልለውም።» ዝም አልኩ። ጠዋት በሻይ የበላችው ፉርኖ የማን አፍ እንደሆነ ብጠይቃት ከባጃጁ ታወርደኝ ነበር። ቤት ስንደርስ «ለባጃጁ ልጅ ስሙኒ ጨምርለት» አለችኝ። አስር ብር ጨመርኩለት። የእማዬን ስሙኒ መተርጎም ለምጃለሁ።

ማታ ልጄ «አባዬ፣ ሹራብ እንዴት እግር ላይ ይለበሳል?» ብላ ያዘችኝ። ነገሩን ሳስበው እውነቱ ከእማዬ ጋር ነው። ሹራብ የዐረብ ቃል ነው፤ በአገሩ የሚጠለቀው እግር ላይ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ በክር የተሠራው ሁሉ ሹራብ ተባለ፤ ለእግሩም «የእግር ሹራብ» አልነው። ኋላ ካልሲ ከጣልያን መጣና እግሩን ያዘ። ሹራብ ደረት ላይ ቀረ። ይሄን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ሹራብ ተዛወረ በለኛ» አለችኝ።

ተዛወረ። ቃሏ ደስ አለኝ። ቤታችን ውስጥ ዝውውር ትልቅ ነገር ነበር። አያቴ፣ የእማዬ ባል፣ ሽመንደፈር ነበር የሚሠራው። አንድ ጊዜ አፍደም፣ አንድ ጊዜ ደወሌ፣ አንድ ጊዜ ኤረር። ደብዳቤ ሲመጣ እማዬ ድስትና ምጣዷን ጠቅልላ ፉርጎ ላይ ትጭናለች። በደረሱበት ደግሞ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ጎረቤት።

ለማያውቅ፦ ሽመንደፈር ፈረንሳይኛ ነው፤ የብረት መንገድ ማለት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ከበደው፤ ድሬዳዋ እዚህ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ለዚያ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመሃሉ ለብዙ ዓመታት የባቡሩ መጨረሻ እኛ ነበርን። ከፉርጎ የወረደ ዕቃ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚህ ነበር። ቃሉም ከዕቃው ጋር ወርዶ ይሆናላ። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ እኛ ሁለቱን አጣብቀን ለገሃር አልነው። ዛሬ ደግሞ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ጣቢያውን ሁለቴ እንጠራዋለን። ማንም አይሰማውም።

አሁን አሮጌው ባቡር እንደ ድሮው አይደለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። እማዬ እሱን ሽመንደፈር አትለውም። «የቻይና ባቡር» ነው፣ አለቀ። ሽመንደፈር የሚለውን ቃል ግን አልጣለችውም። የአጎቴ ልጅ ባንክ ሲቀጠር «እሰይ! ሽመንደፈር ገባህ?» አለችው። ደሞዙ የማይቋረጥ፣ ጡረታ ያለው ሥራ ሁሉ ለእሷ ሽመንደፈር ነው። የጎረቤታችን ልጅ የመንግሥት ሥራውን ለቆ ንግድ ሲጀምር ደግሞ «ከሽመንደፈር ወረደ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ልጁ ሐዲድ ረግጦ አያውቅም።

በቃላት የተዋረድኩበትን ቀን ሳልጽፍ አልለፍ። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ያኔ ገና ጓደኛዬ ነበረች፤ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት እናቷ እስኪ ልየው አሉና ሄድኩ። አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ፣ ተሳሳምን። ከዚያ በሙሉ ፈገግታ፦

«እንዴት ነሽ እማማ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጓደኛዬ ጣሪያውን ታያለች። እኛ አገር አንቱታ ብዙም አይዘወተርም። ሰባ ዓመት ያለፈውን ጎረቤት አንተ ብለን ነው ያደግነው፤ ቅርበት ነው እንጂ ንቀት አይደለም። (ስጽፍ እንደምታዩት «አዛውንት ናቸው» እላለሁ። አፌ ግን ያደገበትን ነው የሚያውቀው።) የወደፊት አማቴ ግን ሸዌ ናቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። ረጋ ብለው መለሱልኝ፦

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?»

ያኔ ነበር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አልኩና ነገር ለመቀየር ስለ ወንድሟ ጠየቅኩ።

«የለም፤ ባቡር ወርዷል» አሉኝ።

እፎይ አልኩ። ባቡር የኔ ነገር ነው። «ደብረ ብርሃንም ባቡር ገባ እንዴ?» አልኩ።

«አይ፣ ከገባማ ቆየ። ሁለት አለን። የላይኛው ያልመዋል። የታችኛው ያሻክራል።»

እኔ የሽመንደፈር ልጅ ነኝ። ባቡር ሲያሻክር ሰምቼ አላውቅም። ፍሬኑ ይሆን ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እንዲያውም «ሐዲዱ ሲያረጅ ነው» ብያለሁ መሰለኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሰው ፊት ትተርከዋለች። ወንድሟ በሩን ሲከፍት ከላይ እስከ ታች በዱቄት ነጥቷል። ለካ ባቡር እዚያ ወፍጮ ቤት ነው!

ኋላ ሳጣራው ሁለታችንም ልክ ነን። ባቡር መነሻው እንፋሎት ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛም በጣልያንኛም ተቀራራቢ ቃል አለው። ሞተር ያለው፣ የሚያጓራ ነገር ሁሉ ባቡር ተባለ። ድሬ ላይ ፉርጎ ጎተተ። ደብረ ብርሃን ላይ ጤፍ ፈጨ። እሱም ተዛውሮ ነው።

የእማዬም «መኪና» እንደዚሁ ነው። ባለቤቴ ከመጣች በኋላ አንድ ቀን እማዬ ደውላ «መኪናዬ ተሰበረብኝ» ትላታለች። ባለቤቴ ደንግጣ ወደ እኔ ሮጠች። «መኪና ማን ገዛላት? ትነዳለች እንዴ?» አለችኝ። የስፌት መኪናዋ ነው፤ ያቺ ጥቁር፣ ባለ ፔዳሏ። ለእማዬ ሌላው ነገር «ታክሲ» ነው፣ «ፔጆ» ነው፣ «ባጃጅ» ነው። መኪና አንድ ነው፤ እሱም የሚሰፋው ነው።

ሐረር ላይ ይሄ ቃል ሰፈር ሆኗል። ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትገቡ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። የመኪኖቻቸው ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት፤ ግርግር፣ ግርግር፣ ግርግር። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬን እዚያ ወሰድኩት። ስሙን ስነግረው ጠባቧን መንገድ ወደ ላይ ወደ ታች አየና «መኪናው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለኝ። በየትም አያልፍም።

ስለ ገንዘብ ካነሳን ግን እማዬ ራሷ ባንክ ናት። ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ሽልንግ ሃምሳ። የሽልንግ ነገር እኔንም ያስገርመኝ ነበር። እንግሊዞች ጣልያንን አስወጥተው ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው መጡ። በ1937 የራሳችን ብር ሲወጣ ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ተመነዘረ። ሽልንጉ ሄደ፣ ስሙ ግማሽ ብር ላይ ተቀመጠ። ፍራንኩ ደግሞ የጅቡቲ ነው። እማዬ ግን የምንም አገር ገንዘብ ፍራንክ ትለዋለች። ጠዋት ስትነሳ «ፍራንክ አለህ?» ትለኛለች። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ካልኳት «የሽመንደፈር ልጅ ሆነህ?» ትላለች። ቤሳውም የዱሮ ሳንቲም ነው። ለነገሩ ሐረርም በአሚሮቹ ዘመን የራሷ መሐለቅ ነበራት። አራት መንግሥት በአንድ አፍ ይመነዘራል።

ልጄ በጣም የምትወደው ግን የወላሂውን ታሪክ ነው። እማዬ ጾም አታፈርስም፣ ኪዳን አታስታጉልም። ቀፊራ ገብታ ዋጋ ስትከራከር ግን መሐላዋ ወላሂ ነው። «ወላሂ ትናንት በዚህ አልገዛሁም!» ሻጮቹም ያውቋታል። እሷ ወላሂ ትላለች፣ አንዷ ሻጭ ደግሞ «በማርያም እማማ አያዋጣኝም!» ትላታለች። ስሟ ፋጡማ ይሁን ዘነበች እዚያ ማን ይጠይቃል። አንድ ጊዜ የንስሐ አባቷ ሰምተው ገሠጿት። እማዬ በጣም አፈረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንዲህ አለቻቸው፦

«ገብርኤል ምስክሬ ነው አባቴ፣ ወላሂ አልደግመውም።»

ቄሱ ከዚያ ወዲህ ተዋት።

አሁን አሁን ልጄን ስሰማት እማዬን እሰማለሁ። ስልክ ስትዘጋ «ሃዬ፣ ሃዬ» ትላለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ይሄ ከሶማሌውም ከኦሮሞውም ሰፈር የመጣ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ሰው የምትጠራ ይመስላት ነበር። አሁን እሷም ትላለች፣ ለእናቷ ሳይቀር። አማቴ ምን እንደሚመልሱላት አልጠየቅኩም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሰኞ ዕለት እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ደክማ ገባች። ነጠላዋን ጥላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ልጄ ሮጣ ውኃ ሰጠቻት። እማዬ ጠጣችና «ተይኝ እስኪ፣ ቻርጄ አልቋል» አለች። ሞባይል መያዝ እንኳ በቅጡ አትችልም። ከማን እንደወሰደችው ዘወር ብዬ አየሁ። ልጄ ግድግዳ ታያለች።

አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ነገ ሳይነጋ እንወጣለን። ቦርሳዋን እያዘጋጀን ነው፤ ጥላ፣ ሻማ፣ ጋቢ፣ ዳቦ ቆሎ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ታዛለች። «ሹራቤን አምጪልኝ» አለቻት ልጄን።

ልጄ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ በአንድ እጇ የቅዳሜውን ካልሲ፣ በሌላው የእኔን ሰማያዊ ሹራብ ይዛለች። ምንም አልተናገረችም። ሁለቱንም ዘረጋችላት።

እማዬ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ሃዬ» አለችና ሁለቱንም ከተተቻቸው።