ማኅተም የማያውቀው መዝገበ ዕውቀት

በአማርኛው ዊኪፒዲያ ላይ ስለ ጤና ከተጻፉት ገጾች ብዙዎቹ ከሁለት ሦስት መስመር አያልፉም፤ ሊኖሩ ከሚገባቸው ደግሞ ጭራሹኑ ያልተጀመሩ አሉ። እኔ ገጾቹን በትርፍ ጊዜዬ የማርም የሕክምና ትምህርት የሌለኝ ሰው ነኝና፣ ሥራው ለእኔ ቢጤ ብቻ መተው የለበትም ብዬ ስሙን ለማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም «ሠራተኞቻችሁን ላሠልጥን» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 የዊኪፒዲያ ሰዎችን ሜሪላንድ ወደሚገኘው ግቢው ጋብዞ ባለሙያዎቹን የጤና ጽሑፍ አስተራረም እንዳሠለጠነ ስነግራቸው፣ እስከዚያ ድረስ ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ቀና ብለው «አሜሪካ ካደረገችውማ እኛን ምን ይዞን ነው?» አሉ። አዳራሹም፣ ሻይ ቡናውም፣ አበሉም በዚያው ተፈቀደ።

ችግሩ የጀመረው ከአካውንት አከፋፈት ነው። ዊኪፒዲያ ከአንድ አይፒ አድራሻ (የአንድ ቤት ወይም ቢሮ ኢንተርኔት በውጭ ከሚታወቅበት ቁጥር) በአንድ ቀን ውስጥ ከ6 በላይ አዲስ አካውንት እንዲከፈት አይፈቅድም። ለሥልጠና የሚሰበሰቡ ሰዎች ግን አድራሻቸውን አስቀድመው ካሳወቁ ገደቡ ለዚያ ቀን ሊነሣላቸው ይችላል። ይህንኑ ገልጬ የተቋሙን አድራሻ ከአይቲ ክፍሉ ብጠይቅ፣ መልሱ ፊርማ በፊርማ ሆኖ ሲመጣ «192.168.1.1» ይላል። ይህ ቁጥር በየሳሎኑና በየቢሮው የተቀመጠ ብዙ የኢንተርኔት ሳጥን በውስጥ የሚጠራበት ስለሆነ፣ እሱን ለዊኪፒዲያ ማሳወቅ ፖስታ ላይ «እቤት» ብሎ ጽፎ እንደ መላክ ነው። ለባለሙያው ደውዬ ይህን ሳስረዳው በትሕትና አዳመጠኝና «ልክ ነህ ወንድሜ፤ ግን ደብዳቤው ወጪ ሆኗል፤ አሁን ቁጥሩን ለመቀየር ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለኝ።

ሌላው ደብዳቤ ሳይደርስ ሥልጠናው ደረሰ። ፈጠን ፈጠን ያሉት ወጣቶች ስድስቱን አካውንት ተሻሙና ሰባተኛው ሆነው የቀረቡት በተቋሙ ውስጥ ቀድሟቸው የሚገባ ሰው የሌለ አንጋፋው ዶክተር ሆኑ። ኮምፒውተሩ «ለዛሬ በቃ» አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ካዩት በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ማን ነው የከለከለኝ? ኃላፊውን አገናኘኝ» አሉ። ኃላፊ የሚባል ሰው እንደሌለ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ግማሹ አዳራሽ ብድግ ብሎ «ዶክተር፣ የእኔን ይውሰዱ!» ይል ጀመር። አንድ አካውንት የአንድ ሰው ብቻ እንደሆነና እንደ ወንበር እንደማይለቀቅ አስረድቼ፣ በመጨረሻ ከስልኬ ኢንተርኔት አጋርቻቸው ከፈቱ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በበኩላቸው አካውንታቸውን በመሥሪያ ቤቱ ስም ለመክፈት ፈልገው ነበር፤ የተጠቃሚ ስም የሰው እንጂ የመሥሪያ ቤት እንዳይሆን ስመክራቸው «እና እኔ ብዛወር የይለፍ ቃሉን ለማን ነው የማስረክበው?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም።

ሁሉም በየኮምፒውተሩ ፊት ከተቀመጠ በኋላ የጨጓራ ቁስለትን ገጽ ለጋራ ልምምድ ሰጠኋቸው። ጨጓራን የመረጥኩት በአገራችን ጨጓራዬን አመመኝ የማይል ሰው ስለማይገኝና ሁሉም የሚለው ስለማያጣ ነው፤ የሚለውም አላጣም። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሲስተር በእጇ ጠቅሳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይኸውልህ፣ የሆነ ሥራ ፈት ሰው የጻፍኩትን እየጠበቀ ያጠፋብኛል» አለችኝ። የጻፈችው «የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው በርበሬና ሚጥሚጣ ከማብዛት ነው» የሚል ነበር። ከእሷ ጋር ጀርባ ለጀርባ የተቀመጠው ፋርማሲስት ደግሞ እጁን አውጥቶ «እዚህ ገጽ ላይ የሕክምና ሀሁ ያልቆጠረ አንድ ሰው ተጥዷል፤ ውጭ አገር ያለ ይመስለኛል» ሲል አመለከተኝ። እሱ የጻፈው ዋነኞቹ መንስኤዎች ኤች. ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው የሚል ነው።

የለውጥ ታሪኩን ስከፍተው «የጤና እናት» እና «መድኃኒት አዋቂ» የተባሉ ሁለት ተጠቃሚዎች እየተፈራረቁ ሲሻሻሩ ቆይተዋል። ለውጡን ባጭሩ ለመግለጽ በተተወችው ጠባብ ቦታ ላይ እሷ «እባክዎ መጀመሪያ ይማሩ» ብላለች፤ እሱ «እርስዎም» ብሏል። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላውን ጽሑፍ የሻረ ሰው ሊታገድ ይችላል፤ የእነዚህን ግን መቁጠሩን ትቼዋለሁ። አሠልጣኝ ወዲያው ማስቆም ነበረበት የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን የለውጥ ታሪክ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ስለማላገኝ እስከ ሻይ ሰዓት ዝም አልኩ። በሻይ ሰዓት ሲስተር ለፋርማሲስቱ ጤና አዳም የተነከረበት ቡና አቀበለችው፤ እሱም «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» ብሎ ተቀበላትና ስለዚያ ውጭ አገር ስላለው አላዋቂ ያጫውታት ጀመር። እሷም የራሷን ሥራ ፈት አነሣችበት። ሁለቱም አዘኑ።

ከእረፍት ስንመለስ ታሪኩን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሳወጣው «አንተ ነህ እንዴ?» እና «አንቺ ነሽ እንዴ?» እኩል ተሰሙ፤ አዳራሹ ለመረጋጋት ጊዜ ወሰደበት። ፋርማሲስቱ ልክ ነበር፤ ነገር ግን ምንጭ አልጠቀሰም። ሲስተር ተሳስታ ነበር፤ ነገር ግን ምንጭ ጠቅሳለች፤ ምንጩም ዶክተሩ ያዋሷት የተማሪነት መጽሐፋቸው ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ባክቴሪያው ግን አውስትራሊያ ውስጥ በፐርዝ ከተማ በሐኪሞቹ በባሪ ማርሻልና በሮቢን ዋረን እጅ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሊያድግ የቻለው በ1982 ነው፤ ያውም የፋሲካ በዓል ሆኖ ባክቴሪያው እንዲያድግባቸው የተዘጋጁት ሳህኖች ከተለመደው ቀን በላይ ሳይነኩ ስለቆዩ። በዓል ማክበር ሥራ ያስፈታል ለሚሉ ሁሉ ይህችን መዝግቤ ይዣታለሁ።

ነገሩ መጽሐፋቸውን ሲነካባቸው ዶክተሩ ተነሡ። «ስማኝ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ጨጓራ አክሜያለሁ። ሚጥሚጣ የተወ በሽተኛ ሁሉ ሲቀለው አይቻለሁ። ምንጩ እኔ ነኝ» አሉ። ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ቅመም የበዛበት ምግብ ቁስለቱን ባያመጣም ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሆኖም ዊኪፒዲያ ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን በምንጭነት አይቀበልም፤ በጤና ጉዳይ ላይማ አንዲት አዲስ ጥናት ብቻዋን አትበቃውም፣ ብዙ ጥናቶችን የመረመሩ የግምገማ ጽሑፎችንና የታወቁ የሕክምና መመሪያዎችን፣ ቢቻል ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ የወጡትን ይጠይቃል። ይህን ሳስረዳ እንዲቀልላቸው ብዬ የማርሻልን ነገር ጨመርኩ፤ ሰውየው የሚያምነው ሲያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው በቀናት ውስጥ ተቆጣ፣ በ2005ም ከዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ እሱ እንኳን ዛሬ መጥቶ «በሆዴ አይቼዋለሁ» ብሎ ቢጽፍ «ምንጭ ይጠቀስ» ይባላል አልኳቸው። ዶክተሩ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ እኔ ምን ልጠጣ?» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ቁጭ ብለው የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችን አገላብጠው፣ ምንጩ በሥርዓት የተጠቀሰ አንድ ጥሩ አንቀጽ ጻፉ፤ ከሥሩም የመድኃኒቶቹን ስም ከነሚሊግራማቸውና ከነስንት ጊዜያቸው ደረደሩ። በማግስቱ የማናውቀው አንድ ነባር አራሚ አንቀጹን ትቶ ሚሊግራሙን ብቻ ሰረዘው፤ መዝገበ ዕውቀት ማዘዣ ወረቀት ስላልሆነ የመድኃኒት መጠን እንዲጻፍበት አይደገፍም። ዶክተሩ ቅሬታ ካላቸው በውይይት ገጹ ላይ እንዲጽፉ መከርኳቸው። ጻፉም። «ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ የተሰረዙ ሚሊግራሞች እንዲመለሱ ስለመጠየቅ» ብለው ጀምረው፣ «ለምታደርጉልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ብለው ጨርሰው፣ ከታች «ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር» ጨምረውበታል።

መልሱ አክብሮት የተሞላበት ነበር፤ አራሚው መጠኑ ለምን እንደማይጻፍ አብራርቶ «በተረፈ መልእክትዎ ፊርማ ይጎድለዋል፤ እባክዎ ይፈርሙ» ይላል። በውይይት ገጽ ላይ መፈረም ማለት ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያችን የተጠማዘዘች መስመር አራት ጊዜ መምታት ብቻ እንደሆነ ለዶክተሩ በስልክ ገለጽኩላቸውና «ገባኝ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ስደርስ የውይይት ገጹን በወረቀት አሳትመው፣ ከፋርማሲስቱ በቀር ማንም የማያነበውን ፊርማቸውን አኑረውበት፣ መዝገብ ቤት ልከው ክቡን ማኅተም አስደርገውበት ጠበቁኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። «በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «አሁን ምን ይሉናል? አስገባልኝ!»